ያለበት ይቀራል

ከአዳማ ተነሥቶ አዋሽን የተሻገረ መኪና ዴራ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ኢተያ፣ ጎንዴ፣ ቁሉምሳ እያለ አሰላ ይደርሳል። አቧራና ሙቀት ከኋላ ይቀራሉ፣ ስንዴና ብርድ ከፊት ይቀበላሉ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ የቆመው ጭላሎ ደግሞ 4,000ን አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ዴራ መናኸሪያ የቆመ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ መውጣት። ረዳቱም ይህን ያውቃል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አሰላ የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

እኔ የዚያን ዕለት «ወራጅ አለ!» ካሉት ወገን ነበርኩ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የምገባበት ጉዳይ ስለነበረኝ ጋሪ ያዝኩ። ባለ ጋሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ከጋሪያቸው ይልቅ ያረጁ፣ ከፈረሳቸው ይልቅ የነቁ። ዳማው ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ዝንብ ያባርራል።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ወደ ውስጥ ነው አባባ። ዘመድ ልጠይቅ።»

«አንተም?» አሉና ሳቁ። ለምን እንደሳቁ ያኔ አልገባኝም።

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ጅራፉን አየር ላይ አጮኹት እንጂ ፈረሱን አልነኩትም። ዝም ብሎ መሄድ ነውር ነውና ወሬ ጀመርኩ።

«ደህና ፈረስ ይዘዋል።»

«ይሄ? ይሄማ ጋሪ ጎታች ነው። ፈረስስ ሌላ ነው ያለኝ። ከቤት አይውልም፤ ለትልቅ ቤት ሰጥቼዋለሁ።»

«የትኛው ትልቅ ቤት?»

«በሩ ላይ ዘብ ያለበት ነዋ።»

«ያለበት» የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርገው ነው ያሏት። ሰሙ መንጠባጠብ ጀምሯል፤ እኔ ግን ገና ሻማውን አላየሁም።

«ከሰጡት ቆየ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት።»

«ፈረስ አሥራ ስምንት ዓመት ያገለግላል እንዴ?»

«ጥሩ ጌታ ካገኘ ያገለግላል። ካላገኘም ያገለግላል።»

ፈረሱ ወደ ትልቁ ቤት ሲሄድ ገና ከውርንጭላነት የወጣ ነበር አሉኝ። ሰኮናው ብረት፣ ጆሮው ንቁ፣ ተኩስ ሲሰማ የማይደነብር። ዳገት ሲያይ ሶምሶማውን ትቶ ሽምጥ የሚጋልብ። በሦስተኛ ዓመቱ የአሥር ፈረሶች አለቃ አደረጉት። የዚያን ዕለት ሽማግሌው ቤት ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለሌላ ድግስ የተገዛ ጌሾ የለም።

«ምን ነካው?»

«ደም ሰጠ።»

«ደም መስጠት ደግ ነው እኮ አባባ።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ፈረሴ ደም መስጠት ብርቁ አይደለም። ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ሰጥቷል፤ ጎኑ ላይ ጠባሳው አለ። ሜዳ ላይ የሰጠው በባልዲ ነበር፤ አጨበጨቡለት። በብልቃጥ የሰጠው ጠብታ ነበር፤ በዚያች ጠብታ ፊታቸውን አዞሩበት።»

«ፈቃዱን ጠይቀውት ነው የወሰዱት?»

«እንዴታ! ‹ትፈቅዳለህ ወይስ ትፈቅዳለህ?› ብለው ጠየቁት። ከሁለቱ አንዱን መረጠ።»

ውጤቱ ምስጢር ነው ተባለ። ምስጢርም ስለሆነ በጥንቃቄ እንዲያዝ አምስት ሰው ተመደበለት። አምስቱ ለየሚስቶቻቸው፣ ሚስቶቻቸው ለየቡና ማኅበርተኞቻቸው በጥንቃቄ አስረከቡ። በሳምንቱ ምስጢሩን የማያውቅ አንድ ፈረሱ ብቻ ቀረ፤ ለሱም በመጨረሻ ነገሩት።

ትልቁ ቤት ደግሞ ማኅበር አለው። ማኅበሩ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ እየተሰበሰበ ግላስ የሚለብሱትን ፈረሶች ይመርጣል። ግላስ ማለት ያ በሐር የተጠለፈው፣ በበዓል ቀን ከኮርቻ ጋር የሚታየው ጌጥ ነው። መስፈርቱ ግልጽ ነው፦ አገልግሎት፣ ሥነ ምግባር፣ ችሎታ፣ ትምህርት። የሽማግሌው ፈረስ በአራቱም አንደኛ ወጣ። ቃለ ጉባኤውም «ምስጉን፣ ትጉህ፣ ታዛዥ» ብሎ መዘገበ። ከዚያ ግላሱን ለሌላ ሰጠ።

«ለማን ሰጡት?»

«በመጀመሪያው ዓመት ለአንካሳው። በሦስተኛው ለነካሹ። በስድስተኛው ደግሞ አተላ ለለመደው፤ እሱማ ጠዋት ጠዋት የቆመበትን እግር አያውቀውም። ሦስቱም ደህና ናቸው ተባለ። ለምን? ደማቸው አልታየማ! ደሙ ያልታየ ሁሉ ንጹሕ ነው።»

«ለእርስዎ ፈረስስ ምን ምክንያት ሰጡ?»

ሽማግሌው ዛቡን ላላ አደረጉ። የሰብሳቢውን ድምፅ እንደ ጳጳስ እያለዘቡ አስመሰሉት፦ «‹ለሱው ብለን ነው እኮ። ሹመት ሸክም ነው፣ ዳገት ነው፣ ብርድ ነው። ጤናው ያሳስበናል› አሉ። እንግዲህ ፈረሴ ሌሊት ዘብ ይቆማል፤ እሱ አይጎዳውም። የሌላውን ፈረስ ጓዝ ደርቦ ይሸከማል፤ እሱ ጤና ነው። ክረምት ከበጋ ጭቃ ያቦካል፤ እሱ ስፖርት ነው። የከበደው ግላሱ ብቻ ነው ልጄ፤ ያቺው ጨርቅ። ስንት ኪሎ እንደምትመዝን እንጃ!»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ያ ፈረስ ታዲያ መድኃኒት አለው። በቀን አንዴ፣ አንዲት ፍሬ። ማታ በሦስት ሰዓት ይውጣታል፤ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም። የመድኃኒቱ ዕቃ ፕላስቲክ ነው፤ ሲራመዱ ይንሿሿል። መኝታ ቤቱ የጋራ ስለሆነ ፈረሱ ዘዴ ፈጠረ፦ ክዳኑን ከፍቶ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል። እንክብሎቹ በጥጥ መሐል ድምፃቸውን አጥፍተው ይተኛሉ። ትልቁ ቤት ዕቃ ሲፈትሽ ድምፅ የሚሰማ እንጂ ጥጥ የሚጠረጥር የለውም። መድኃኒቱን የሚቀበለውም ከቅርቡ ጤና ጣቢያ አይደለም፤ ማን ያየዋል ብሎ አዳማ ድረስ ይሄዳል። አለቃው «ወዴት?» ሲለው «ዘመድ ልጠይቅ» ይላል። አዳማ ወረፋ ላይ ደግሞ እዚሁ ዴራ የሚያውቁት ጎረቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። «ምን ልትሠራ መጣህ?» «ዘመድ ልጠይቅ። አንተስ?» «እኔም ዘመድ።» በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አገር ሙሉ ይዛመዳል።

የሽማግሌው የጠዋት ሳቅ አሁን ገባኝ።

«ሦስት ሰዓት መሆኑን ፈረሱ በምን ያውቃል?»

«በስልኩ ነዋ።»

«ፈረስ ስልክ አለው?»

«ዘንድሮ የሌለው ማን አለ? እኔ ራሴ እደውልለታለሁ። ‹ፈረሱ ውሃ ጠጣ?› እለዋለሁ። ‹ጠጣ› ይለኛል። ስልኩን ዘግቼ እተኛለሁ። ‹አልጠጣም› ያለኝ ቀን የለም።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ነገሩኝ። አንደኛው ላቦራቶሪ ነው። ፈረሱ መድኃኒቱን በሥርዓት ስለወሰደ፣ ሐኪሙ ደሙን በመሣሪያ ፈልጎ ፈልጎ «አይታይም» አለው። ቫይረሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ከመሣሪያው ዓይን በታች ወርዷል፤ ስለዚህ በአልጋ ወደ ሌላ አይሻገርም ማለት ነው። ፈረሱ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ወደ ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ማኅበሩ ዘንድ። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀበለ፣ ፋይል ውስጥ ከተተ፣ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያም «ጉዳይህ ይታያል» አለው። ሰባት ዓመቱ ነው። ሽማግሌው ጅራፋቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

አይታይም ይላሉ ሐኪሞች ፈልገው፣
ይታያል ይላሉ አለቆች ደብቀው።

ሐኪሙ «አይታይም» ሲል ታይቷል ማለት ነው። ቢሮው «ይታያል» ሲል አይታይም ማለት ነው። በአማርኛ የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ቋንቋ ካልተሳሳተ በምን ሊሳሳት ነው?

እስኪ እሳቸው ዝም ባሉበት ሰሙን እኔ ላቅልጠው።

በዚህ አገር የጦር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ ስም ይካፈላሉ። ስለዚህ አንድ የአርሲ ሽማግሌ «ፈረሴ» ብለው ሲያወሩ፣ የሰማ ሰው ኮርቻው ላይ ማን እንዳለ ቀና ብሎ ማየት አለበት። ትልቁ ቤት የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ዘብ የሚቆምበት ቤት ብዙ ነው፤ የደንብ ልብስም ቀለሙ ብዙ ነው። ወርቁን ግን የትም ወስደን ብናስመዝነው ሚዛኑ አይዋሽም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም ነው። የበሽታውን ልክ ለማወቅ ደግሞ አገር ክንዱን የጠየቀችው ወታደሩን ጭምር ነው። በ1992 ዓ.ም አካባቢ 72,000 ያህል ምልምሎች ደም ሰጥተው፣ ከገጠር ከመጡት 3.8 በመቶ፣ ከከተማ ከመጡት 7.2 በመቶ ቫይረሱ እንዳለባቸው ተገኘ። ያ ቁጥር ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ ተመራማሪ ጠቀሰው፣ ዕቅድ ወጣበት። ወታደሩ ደሙን ለአገር ሰጠ የሚባለው በሁለቱም መንገድ እውነት ነው፤ ሐውልት የቆመለት ግን ለአንደኛው ብቻ ነው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጥ ጀመር። በመጀመሪያ በሩ ጠባብ ነበር። ሲዲ ፎር የሚባሉት የደም ሕዋሳት፣ የሰውነት ወታደሮች ማለት ናቸው፣ ቁጥራቸው ከ200 በታች ካልወረደ መድኃኒት አይጀመርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በሩን ወደ 350 አሰፋው፣ በ2013 ወደ 500፣ በ2015 «ያለበት ሁሉ ይግባ» ብሎ ከነመቃኑ ነቀለው። የመድኃኒቱ በር በአምስት ዓመት ሦስት ጊዜ ሰፋ። የሹመቱ በር ግን ዛሬም ሲዲ ፎር በሚቆጠርበት ዘመን ላይ ነው፤ የሚገርመው፣ ቆጣሪው ራሱ መቁጠር አለመቻሉ ነው።

ለምን ቢባል፣ ሽማግሌው እንደነገሩኝ ፈረሳቸው መድኃኒት ሲጀምር ሲዲ ፎሩ መቶ ነበር፤ አሁን ስምንት መቶ ገብቷል። አሥር አለቃ ማለት የአሥር፣ ሃምሳ አለቃ የሃምሳ፣ መቶ አለቃ የመቶ፣ ሻለቃ የሺህ አለቃ ማለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ ይህ ሰው በጠና በታመመ ጊዜ እንኳ በደሙ ውስጥ መቶ አለቃ ነበር። አሁን ሁለት መቶ ቢጨመሩለት ሻለቃ ነው። ከቆዳው በታች ያለው ሠራዊት በየጊዜው አሳድጎታል፤ ከቆዳው በላይ ያለው ግን አሥር ላይ አቁሞታል። ሁለቱም ሠራዊት ነን ይላሉ። የትኛው ጠላቱን እንደሚያውቅ ፍርዱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

ሳይንሱም ቃሉን ሰጥቷል። ፓርትነር በሚባሉት የአውሮፓ ጥናቶች አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላቸው የሌለባቸው ጥንዶች ለዓመታት ተከታትለው ተጠኑ። መድኃኒቱን በሥርዓት ከሚወስድና ቫይረሱ ከማይታይበት ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ ስንት ተገኘ? ዜሮ። በአልጋ ዜሮ ከሆነ በሰልፍ፣ በቢሮ፣ በጠረጴዛ ምን ሊሆን ነው? የትከሻ ኮከብ ቫይረስ አያስተላልፍም፤ አለማወቅን ግን ያስተላልፋል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ጃንጥላ እናገኛለን። የሲቪል ሰርቫንቱ አዋጅ ቁጥር 515/1999፣ በ2010 ዓ.ም እስኪተካ ድረስ፣ ክፍት የሥራ ቦታ ሲሞላ በኤችአይቪ ምክንያት ልዩነት ማድረግን በግልጽ ከልክሎ ነበር። ደግ ጃንጥላ ነበር። ነገር ግን ያው አዋጅ መጀመሪያው ላይ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ሲተረጉም፣ የመከላከያ ሠራዊትና የፌዴራል ፖሊስ አባላትን ከጥላው አውጥቷቸው ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ 377/1996 ይሁን እሱን የተካው 1156/2011፣ ወታደርና ፖሊስን አይመለከትም። እነሱ በራሳቸው አዋጅና ደንብ ይተዳደራሉ። ጃንጥላውን ይዞ በዝናብ የሚቆመው ዘብ መሆኑን ሁላችን አይተናል፤ ጃንጥላው ከሚሸፍናቸው ውስጥ ዘቡ አለመኖሩን ግን ያየው ጥቂት ነው። የደንብ ልብስ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ደንቡ ልብስ ሆኖ ይለበሳል እንጂ ለባሹን አያለብሰውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 አለ እንጂ፤ ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። «ሰዎች» ነው ያለው። የማኅበሩ ጠበቃ «ፈረስ የሚል የለበትም» ብሎ ይከራከር ይሆናል።

ሌላው ዓለምም ከዚህ የተሻለ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ተከስሶ ነው የተሻለው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው 200ኛ ምክረ ሐሳብ፣ ከኤችአይቪ መድልዎ የሚጠበቁትን ሲዘረዝር የጦር ኃይሎችንና ዩኒፎርም ለባሾችን በስማቸው ጠርቷቸዋል። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ማኅበር ግን ያንን አልጠበቀም። የአገሩ ጦር ቫይረሱ ያለበትን አልቀጥርም፣ ወደ ውጭ ግዳጅ አልክም፣ አላሳድግም ይል ነበር። መለከት ሊነፋ ያመለከተ ሰው እንኳ በደሙ ምክንያት ተመልሷል፤ ትንፋሹን ሳይሆን ደሙን የሚነፋ መስሏቸው ይሆናል። ማኅበሩ ከሰሰና በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፖሊሲው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በዛምቢያ ሁለት የአየር ኃይል ባልደረቦች ሳይነገራቸው ተመርምረው፣ ኋላም ተሰናብተው ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የሊቪንግስተን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ መመርመር መብታቸውን የጣሰ ነው ሲል ፈረደ። በአሜሪካ ደግሞ አፍጋኒስታን ዘምቶ የተመለሰ፣ ሕግ የተማረ አንድ ሳጅን የጦሩ የሕግ መኮንን እንዳይሆን ተከለከለ። ሳጅን ሆኖ ማገልገል ይችላል፣ መኮንን መሆን ግን አይችልም፤ የኛ ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ «ግላሱ ከበደው» ይሉ ነበር። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቫይረሱ የማይታይበትን ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ መከልከል አይቻልም ብሎ ፈረደለት።

እኛ ደግሞ አርሲ ነን። እዚህ ማዕረግ ምን እንደሆነ የሚነግረን አስተማሪ አያስፈልገንም። ከበቆጂ ተነሥታ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያጠለቀችው ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ናት፤ ከአሰላ የወጣው ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በዚህ ዳገት ላይ ማዕረግ በእግር እንደሚገኝ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በደም እንደሚታጣ ግን ትምህርት ቤት አልነገሩንም። ሽማግሌው ይህንንም በሁለት መስመር ጨርሰውታል፦

በምድር ላይ ሳለ ማረግ ተከልክሎ፣
ሰማይ ቤት ይጠብቅ ደሙን ሰጠ ተብሎ።

ሰሙ የሰማዕት ነገር ነው፤ ደሙን የሰጠ ሰው ዕርገቱ በሰማይ ነው። ወርቁን ለማግኘት «ማረግ» የምትለዋን ጮክ ብለህ ማንበብ ይበቃሃል፤ ጆሮ «ማረግ»ንና «ማዕረግ»ን አይለይም። የትልቁ ቤት ማኅበርም የለየ አይመስለኝም። ማዕረግ የሚሰጠው ለሚያርግ ብቻ ነው ብሎ አምኗል፤ ለሞተ ሰው ማዕረግ መስጠት ደግሞ ቀላል ነው፣ ምርመራ አይጠይቅም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሽማግሌው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር ናት።

«ወጣቶቹ ፈረሶችስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የሱን ዕጣ ሲያዩ ምን አሉ?»

«ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርቱን ወዲያው ያዙት። አሁን ‹በፈቃዳችሁ ደም ስጡ› ሲባል አንዱ ሆዴን ይላል፣ አንዱ ዘመድ ልጠይቅ ይላል። ያላወቀ ያድጋል፣ ያወቀ ይቆያል። እና ማን ይወቅ?»

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። ማኅበሩ በሽታን ከሰልፍ ፊት አርቄያለሁ ብሎ ያምናል። ያራቀው ግን ራሱን ያወቀውን፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስደውን፣ ለማንም የማያስተላልፈውን ነው። ወደ ፊት ያወጣው ደግሞ ደሙን ያላየውን፣ ለማየትም የፈራውን፣ ምናልባት ያለበትንና መኖሩን የማያውቀውን ነው። ስሙ የጤና ጥንቃቄ ነው፤ ሥራው ግን አለማወቅን እየሾሙ ማወቅን መቅጣት ነው። ለሃያ ዓመት «ራስዎን ይወቁ፣ ይመርመሩ» የሚል ፖስተር የተለጠፈበት ግድግዳ ውስጥ ያለው ቢሮ፣ ራሱን ያወቀውን ሰው በር ላይ ያቆመዋል። ፖስተሩን ይንቀሉት አልልም። ግን ሙሉውን ይጻፉት፦ «ይመርመሩ፤ ከዚያም ያሉበት ይቆዩ።»

ጋሪው ቆመ። የምወርድበት ሰፈር ደርሰናል። ፀሐዩ ከብዷል፤ ዳማው በላብ ረጥቧል። ሽማግሌው ወርደው ከጎኑ ቆሙና አንገቱን በእጃቸው መዳፍ አበሱለት። ያንን መዳፍ ሳይ፣ ሌላኛውንም ፈረስ የሚያብሱት እንደዚሁ መሆን አለበት አልኩ በሆዴ።

«አባባ፣ ያቺ መጀመሪያ ላይ ያሏት ‹ያለበት› የምትለዋ ቃል...»

«ያዝካት?»

«ልይዛት ነው።»

ጣታቸውን ወደ አስፋልቱ፣ ወደ መናኸሪያው ዘረጉ። አንድ ቅጥቅጥ ጭሱን እየተፋ ወደ ኢተያ ዳገት ሲነሣ ከሩቅ ይታያል።

ዴራ ላይ ሆኜ ሳይ ሰው ዳገት ይወጣል፣
የሌለበት ሄዶ ያለበት ይቀራል።

«ሰሙ የመንገደኛ ነው» አሉ። «ሰው ሲሄድ የቀረው ባለበት ቦታ ይቀራል። ወርቁን አሁን አንተ ተሸክመኸዋል።»

ኪሴ ገባሁ።

«ስንት አለብኝ አባባ?»

ሽማግሌው ከፈረሱ አንገት ላይ እጃቸውን ሳያነሡ አዩኝ። «አለብህማ» አሉ። «ያልነገርኩህን ጨምረህ ጻፈው። ያለብን ሁላችን ነን፤ እሱ ያለበት ደሙ ውስጥ ነው፣ እኛ ያለብን ግን ገና አልተመረመረም።»

የጋሪውን ሒሳብ ተቀበሉ፣ አንዲት ብርም አልጨመሩ፣ አንዲት ብርም አልቀነሱ። ጋሪውን አዙረው ሊነሡ ሲሉ ከመናኸሪያው በኩል የሌላ ረዳት ጩኸት በንፋሱ መጣ፦ «አሰላ የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

ሽማግሌው ዛቡን ጨበጥ አደረጉ።

«ይሄው ስንት ዓመቱ ነው፤ አንድ ሰው ይጎድለኛል እያለ ይጮኻል» አሉ። «ማን እንደሆነ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»